የአባ ፔጆና አሥራ አራቱ ስሞች

ጭሮ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለአብራር ሳቢት
ሻርጃ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ይህች ወረቀት ባሕሩን ተሻግራ በሙሉ ጤና እንድታገኝህ አላህን እለምናለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከአባ ዓይን በቀር። ግራው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙም አሁን የሚለየው ጥላና ብርሃን ብቻ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምህ። ባለፈው ወር ተጯጩኸን ጆሮዬ ላይ ከዘጋህብኝ በኋላ አባ ስልኬን ተቀበሉኝና "ከእንግዲህ ተጻጻፉ። የጻፈ ሰው ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ ያነበዋል" ብለው አስማሉኝ። አንተንም በአጎታችን በበክሪ በኩል እንዳስማሉህ ሰምቻለሁ። ደብዳቤውን የምታደርስልህ ልብስ ልታመጣ ዱባይ የምትመላለሰው ጎረቤታችን ረዲያ ናት።

ነገሩ የአባ መኪና፣ የፔጆው ነው። የሞተሩ ሽቦ አልቋል። ኮፈኑን ከፍቼ አንዱን በጣቴ ነካ ባደርገው ላስቲኩ እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ ረገፈና መዳቡ ራቁቱን ቀረ። የቀረውም በሙቀት ቀልጦ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ በቴስተር ስፈትሽ የትኛውን ከየትኛው ጋር ባነካካው መብራቱ ይበራል። ባለፈው ክረምት አንድ ጊዜ ጭሶብናል። ስለዚህ ሁሉንም አውጥቼ በአዲስ ልቀይረው ነው።

አባ ሲሠሩት ጭሮ ገበያ የሚገኘው ቀይ ሽቦ ብቻ እንደነበር ስንት ጊዜ ነግረውናል። አሥራ አራቱም ቀይ። ለመለየት ብለው ዳሽቦርዱ ሥር የጣውላ ሰሌዳ ገጠሙና በየብሎኑ አጠገብ በጋለ ሚስማር የቤተ ዘመድ ስም ጻፉ። ዑሙልኸይር አለ፣ በክሪ አለ፣ አብራር አለ፣ ሳጂዳ አለ። ጀርባው ግን በሬንጅ ተደፍኗል። ስሙ ይነበባል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። እናታችን ዑሙልኸይር፣ አላህ ይዘንላትና፣ ዋናው የባትሪው ሽቦ መሆኗን አባ አልረሱም። የሌሎቻችንን ረስተዋል። ባትሪ አገናኝቼ አንድ በአንድ ልፈልግ ብላቸው "የማታውቂው ላይ እሳት አትልቀቂ" አሉኝ። "አብራር ያውቃል፤ ደብተሩ እሱ ጋ ነው" ይላሉ። ስትሄድ ደብተሩን ይዘኸው እንደሄድክ እኔም አውቃለሁ።

አጎቴ በክሪ የአባን ጋራዥ ለጫት ማሰሪያ ይፈልጉታል። አባም ፍርዳቸውን ሰጥተዋል። ፔጆው በእኔ እጅ፣ በሰው ፊት ከተነሣ የጋራዡ ቁልፍ የእኔ ነው። ካልተነሣ አንተ እስክትመጣ ለአጎቴ ያስረክባሉ፤ ቀጠሮው እስከ አረፋ ነው። ባጃጅ ስጠግን አራት ዓመቴ ነው፤ አባ ግን ባጃጅን መኪና ብለው አይቆጥሩም። ከመቻራ ቡና ጭኖ የመጣ ሾፌር መብራቱ ጠፍቶበት ሲቆም "ልጄ ቢኖር አሁን ይሠራልህ ነበር" ይሉታል። እኔ አጠገባቸው ቴስተር ይዤ ቆሜ ነው እንዲህ የሚሉት።

ገንዘብ አትላክ። ሻሽም አልፈልግም። የምፈልገው የደብተሩን ያን አንድ ገጽ ነው።

እህትህ ሳጂዳ

ሻርጃ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሳጂዳ ሳቢት
ጭሮ

ወዓለይኩም ሰላም ወረህመቱላህ። ሰላምታዬ ከአሸዋው ብዛት የበዛ ሆኖ ይድረስሽ። እኔ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ሥራዬም ደህና ነው። እዚህ ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች በሚሸጡበት ሰፈር በመኪና ኤሌክትሪክ ላይ እንደምሠራ ለአባ ንገሪልኝ፤ ቢያውቁትም ደግመሽ ንገሪልኝ።

ፔጆውን አትንኪው። አባ ከመሄዴ በፊት "ስትመለስ ሽቦውን አብረን እናድሰዋለን" ብለው ቃል ሰጥተውኛል። ቃሉ ለእኔ ነው የተሰጠው። ደግሞ ምን ያስቸኩላል? ሃምሳ ዓመት ያገለገለ መኪና አንድ ዓመት ቢቆም አይሞትም። ለአረፋ ኢንሻአላህ ፈቃድ እጠይቃለሁ። አጎቴ በክሪን እኔው አናግራቸዋለሁ።

ረዲያ በስልኳ ያነሣችሁን ፎቶ አሳየችኝ። አባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አንቺ ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ ብለሽ፣ እጃቸው እጅሽ ላይ ነው። አባ የእኔን እጅ እንዲያ ይዘው አያውቁም። እኔን ሲያስተምሩኝ በመፍቻ ጉልበቴን ይመቱኝ ነበር። ፎቶውን ሁለት ጊዜ አይቼ ለረዲያ መለስኩላት። ቀናሁ ብልሽ አላፍርም። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ቦታ የምቆመው እኔ እንደሆንኩ አድርጌ ሳስብ ነበር።

ጥሩ ዲጂታል ቴስተር ልኬልሻለሁ፤ ለባጃጅሽ ይሆናል። ሻሹም አለ፤ ባትፈልጊ ለረዲያ ስጫት። ደብተሩን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ቤት ስቀይር የሆነ ካርቶን ውስጥ ገብቷል።

አባ ስለ እኔ ምን አሉ? እሱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ አብራር

ጭሮ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብራር

አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳን ሙባረክ። ጾም አፌን ስለያዘልኝ ደስ ይበልህ፤ አለዚያ የምጽፈው ሌላ ነበር።

ቴስተሩን ከረዲያ ጋር መልሼልሃለሁ። አባ በእጃቸው ይዘው ካገላበጡት በኋላ "ቁጥር ለማንበብ ዓይን ይፈልጋል" ብለው አስቀመጡት። እኔም የእሳቸውን አሮጌ የመብራት ቴስተር ነው የምጠቀመው። ሻሹ ቆንጆ ነው። እሱን አልመለስኩም።

አትንኪው ያልከው ዘግይቶ ደረሰ። ሽቦውን ከነጥቀርሻው አውጥቼ ጥዬዋለሁ፤ አዲሱን ቆርጬ፣ ጫፍ ጫፉን በይጄ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ አስተኝቼዋለሁ። ከሰሌዳው ጋር ማገናኘት ብቻ ነው የቀረኝ። አሥራ አራት ጫፍ ከሞተሩ በኩል፣ አሥራ አራት ስም ከሰሌዳው በኩል። መሐሉ አንተ ጋ ነው።

ስለ አንተ ምን እንዳሉ ጠየቅኸኝ። ልንገርህ። የበየድኩትን አንድ በአንድ በጣታቸው ይዳስሱታል። ካልተስተካከለ "ሳጂዳ፣ ይኼ ሸካራ ነው፣ ፍቺው" ይላሉ። ካማረ ደግሞ ራሳቸውን እየነቀነቁ "ጎሽ አብራር" ይላሉ። ጥፋቱ በእኔ ስም፣ ሙያው ባንተ ስም ነው። መጀመሪያ ላይ አረማቸው ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። አንተ በአንድ ፎቶ ቀናሁ ትላለህ። እኔ በየቀኑ ነው የምቀናው፣ ያውም እዚህ በሌለ ሰው።

"ለአረፋ እመጣለሁ" ስትል ይህ ሰባተኛው ነው። አልቆጣህም፤ የሄደ ሰው ሁሉ በፈለገበት ጊዜ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ግን የማትመጣ ከሆነ ቦታውን አትያዝብኝ። አጎቴ በክሪ ባለፈው ሳምንት ግድግዳውን በሜትር ሲለኩ አገኘኋቸው። የጫት ቅርጫት የሚደረደርበትን ለልጆቻቸው እያሳዩ ነበር።

ካርቶኑን ፈትሽ። መጻፍ ከደከመህ ረዲያ በስልኳ ገጹን ፎቶ ታንሳልኝ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሳጂዳ

ሻርጃ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሳጂዳ

ኢድ ሙባረክ። አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ፤ የአባን ዕድሜ ያርዝምልን። ፔጆው ተፈቶ መጣሉን ሳነብ አንድ ቀን ሙሉ እህል አልበላሁም። ጾም ነበር አትበዪ፤ ከኢድ በኋላ ነው።

ደብተሩ ተገኘ። ፎቶ ያላነሣሁልሽ ገጹ ላይ ዘይት ፈሶበት ለእኔ እንጂ ለሌላ ሰው ስለማይነበብ ነው። በእጄ ገልብጬልሻለሁ፤ ሙሉው በሌላው ወረቀት ላይ አለ። ዋና ዋናውን እዚህም ልድገምልሽ። ዑሙልኸይር ከባትሪ የሚመጣው ነው። በክሪ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው የሞተሪኖው ነው፤ አጎቴ ሰው ማስነሣት እንደሚወዱ ታውቂያለሽ። አብራር ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው የኮይሉ ነው። ሳጂዳ የክላክሱ ነው።

ክላክሱ መሆንሽ አይክፋሽ። ስትወለጂ ጩኸትሽ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር። መኪና ያለ ክላክስም ይሄዳል፤ ያለ ኮይል ግን ሞተሩ አይነሣም። አባ ያኔ አስበውበት ነው የጻፉት።

አሁን የጠየቅሽውን ሁሉ ሰጥቼሻለሁ። ሲነሣ ለተሰበሰበው ሰው ዝርዝሩ ከእኔ እንደመጣ ንገሪልኝ።

አብራር

ጭሮ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብራር ሳቢት

ሰላም ላንተ ይሁን።

የላክኸውን ወረቀት ሳነብ፣ ክላክስ መሆኔን ሳይ፣ ጋራዡ ውስጥ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሞኝነት ነው። ግን አለቀስኩ። ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ እንደጻፍከው አገናኘሁት። አብራርን ወደ ኮይል፣ ሳጂዳን ወደ ክላክስ።

የአባን ልማድ አትረሳም። ባትሪ የሚታሰረው ባለቤቱና ሰው ቆሞ እያየ ነው። ተደብቆ የተሞከረ ሥራ ለእሳቸው ሥራ አይደለም። እኔም ቃላቸውን አክብሬ ሳልሞክረው ጠበቅኩ። ሚያዝያ 17፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከመስጊድ የወጣው ሰው ጋራዡ በር ላይ ቆመ። አጎቴ በክሪ ከነልጆቻቸው መጡ። አባ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከፔጆው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባትሪውን አሰርኩ። ገብቼ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞርኩ።

ክላክሱ ጮኸ። እኔ አልነካሁትም፤ በራሱ ጮኸ፣ አላቆመምም። ቁልፉን ጨርሼ ሳዞር ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሣም፣ ክላክሱ ይጮሃል። አስፋልቱ ላይ የቆሙ ባጃጆች ሰርግ የመጣ መስሏቸው ይሁን ሊያላግጡብኝ አላውቅም፣ እነሱም እየነፉ መለሱ። ሰው ሳቀ። የአጎቴ ልጆች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ዝም ካለልኝ ብዬ የክላክሱን መጫኛ በቡጢ ስመታው፣ ሞተሩ ሊነሣ ትርር አለ። ስለቀው ጠፋ። ኮይሉና ክላክሱ መለዋወጣቸው ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አባ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ምን እንዳሉ ልጻፍልህ። "አብራር! ተው አልኩህ! ክላክሱን ልቀቅ!" አሉ፣ ሕፃን ልጅ እንደሚቆጡ። ሰው አረጁ ብሎ ያዘነ መሰለኝ። እሳቸው ግን ያረጁ አልነበሩም። ክላክሱ ሲጮህ የቱ ስም እንደሆነ ትዝ አላቸው እንጂ።

አጎቴ በክሪ መጥተው ባትሪውን ፈቱት። አባ በምርኩዛቸው እየፈለጉኝ ቀረቡና "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አብራር የላከልሽን በደንብ አላነበብሽውም?" አሉኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ "አዎ አባ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አልኳቸው። "እንግዲያውስ ይቅር። ለአረፋ ለበክሪ ይሰጥ፤ አብራር ሲመጣ ይሠራዋል" አሉ።

ስላንተ ብዬ አይምሰልህ። ዓይናቸው ጠፍቷል። ልጄ አይዋሸኝም የሚለውን ደግሞ በእኔ አፍ እንዲያጡት አልፈለግኩም።

ለዐስር ሶላት ሲወጡ ሁለቱን ሽቦዎች አለዋወጥኳቸው። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ድምፁ ያምራል። ማንም ሳይሰማ አጠፋሁት፤ ተደብቆ የተሞከረ ነዋ፣ አይቆጠርም።

ዘይት ፈሶበታል ያልከው ገጽ ላይ ኮይሉ አጠገብ የተጻፈው የማን ስም እንደሆነ አሁን ሁለታችንም እናውቃለን። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ሁሉ ነገር ያንተ ነበር፤ ጎሹም፣ ናፍቆቱም፣ ቦታውም። ከሰሌዳው ላይ አንዲት ስም ለእኔ ብትተርፍ ምን ትጎዳህ ነበር?

ሳጂዳ

ሻርጃ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ሳቢት
ጭሮ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ፣ አባ። ጉልበትዎን እስማለሁ። አላህ ጤናዎን ይስጥልኝ። ይህን የምታነብልዎ ሳጂዳ ናት። ሳጂዳ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ። የሚያሳፍረኝ ቦታ ስትደርሺ አትዝለዪው።

አባ፣ ፔጆው የጮኸው በሳጂዳ ስሕተት አይደለም። ደብተሩ ሦስተኛው ገጽ ላይ በእጅዎ "ሳጂዳ ኮይል፣ አብራር ክላክስ" ተብሎ ተጽፏል። እኔ ሁለቱን ስም አገላብጬ ላክሁላት። ዘይት አልፈሰሰበትም፤ ጥርት ብሎ ይነበባል። ደብተሩን ለረዲያ ሰጥቻለሁ፤ ማንበብ የሚችል ሰው ይየውና ይንገርዎ።

ለምን ቢሉኝ፣ ቀንቼ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። ፔጆው ሦስት ቀን እምቢ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ሳጂዳ በተወለደችበት ቀን ጠዋት ተነሣ። እርስዎ እየሳቁ መጡና ሚስማሩን አግለው የእሷን ስም ኮይሉ ላይ ጻፉ። "የእኔስ?" ብዬ ጠየቅሁ። ክላክሱ ላይ ጻፉልኝና በጣም ሳቁ። የአንድ ቀን ልጅ ሞተር አስነሣች፣ እኔ ጩኸት ሆንኩ። ስሄድ ደብተሩን የሰረቅሁት ለትዝታ አይደለም። ያን ገጽ ማንም እንዳያየው ነው።

ሌላም አለ። በመኪና ኤሌክትሪክ ላይ እሠራለሁ ያልኩት ጥገና አይደለም። የተጋጩና የሞቱ መኪኖች ውስጥ ገብቼ ሽቦ እነቅላለሁ፤ ለመዳቡ ሲባል በኪሎ ይሸጣል። ሰባት ዓመት አንድም መኪና አላስነሣሁም። ሳጂዳ ያን ሁሉ ሽቦ አውጥታ፣ አዲስ ዘርግታ፣ እጅዎ እጇ ላይ ሆኖ ሳይ አልቻልኩም።

ሰዎቹን እንደገና ይጥሩልኝ። ባትሪው በፊታቸው ይታሰር። ቁልፉ የሷ ነው። ለአረፋ አልመጣም፤ እመጣለሁ ብዬ ድጋሚ አልዋሽዎትም።

ልጅዎ አብራር

ጭሮ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብራር

አሰላሙ ዓለይኩም። አባም እኔም አላህ ይመስገን ደህና ነን።

ደብዳቤህን ለብቻቸው ላነብላቸው ስጀምር ከሁለተኛው መስመር ላይ አስቆሙኝ። "ሰው ጥሪ" አሉ። አጎቴ በክሪ መጡ፣ ረዲያ መጣች፣ ከመስጊድ አራት ሽማግሌዎች መጡ። በፊታቸው አነበብኩት። የሚያሳፍርህ ቦታ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለ እንጂ አልዘለልኩም። ሲያልቅ አጎቴ በክሪ ራሳቸው ባትሪውን አሰሩ። ተነሣ። ሽማግሌዎቹን አሳፍሬ እስከ ገበያው ወስጄ መለስኳቸው። አባ የጋራዡን ቁልፍ ከአንገታቸው አውጥተው ሰጡኝ፤ የቁልፉ ማሰሪያ ገና ትኩስ ነበር።

ከዚያ አለቀሱ። የታረቅን መስሎኝ አብሬ ላለቅስ ስል የሚያለቅሱት በምን እንደሆነ ነገሩኝ። "ከመቻራ ስመለስ ገና ከመታጠፊያው ክላክሱን እነፋ ነበር። ሰምቶ ባዶ እግሩን ሮጦ የሚወጣው አብራር ነው። ልጄን የምጠራበት ስለሆነ ነው ስሙን እዚያ የጻፍኩት። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስቄበት ነው ብሎ አሰበ?" አሉ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ ቁልፉ እጄ ላይ እያለ ቀናሁብህ። የእኔ ስም ኮይሉ ላይ የተጻፈው ሞተሩ በተነሣበት ቀን ስለተወለድኩ ብቻ ነው። ያንተ ግን ስለሚወዱህ ነው። አንተ የሰረቅኸኝ የኔን ዕድል ነበር፤ ላንተ የነበረው ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት።

በማግስቱ ሰሌዳውን ፈታሁት። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ አሥራ አራቱም ስም እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ ሚስማር አግዬ ኮይል፣ ክላክስ፣ ሞተሪኖ፣ ባትሪ እያልኩ የየራሳቸውን ጻፍኩ። ከእንግዲህ ማንም በማን አይቀናም፣ ማንም ለማንም አይዋሽም፤ የሚመጣ መካኒክ ሁሉ አንብቦ ይሠራል።

መልሼ ስገጥመው አባ መጡ። እጃቸውን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገብተው ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ከዚያ ተመልሰው ደግመው ዳሰሱት፤ እናቴ የነበረችበት ቦታ ላይ ጣታቸው ቆየ። ምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

"ታዲያ ልጆቼ ሁሉ ከመኪናው ወረዱ ማለት ነዋ" አሉኝ።

ሳጂዳ